ጅብራ ለምን ተገተረ?

«ምን እንደ ጅብራ ትገተራለህ?» ሳይባል ያደገ ልጅ ብዙ ያለ አይመስለኝም። እንግዳ መጥቶ ወንበር ሳታቀርብ ከቆምክ ጅብራ ነህ። ተልከህ በር ላይ ቆመህ ወሬ ስታዳምጥ ከተያዝክም ጅብራ ነህ። ተግሳጹን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጅብራን ራሱን ያየነው ግን ጥቂቶች ነን። ከተማ ተወልዶ ያደገ ሰው ጅብራ ምንድን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ከጅብ ጋር ዝምድና ያለው ነገር ሊመስለው ሁሉ ይችላል።

ጅብራ ተክል ነው፤ ያውም ከዓለም ሁሉ ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ የሚገኝ። ትምህርት ቤት «ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ» እያልን ስንቆጥር መጨረሻ ላይ የምንጠራው ውርጭ ነው አገሩ፤ ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ። ሰሜን ተራሮች ላይ አለ። ባሌ ሳነቲ ላይ አለ። ጮቄ፣ ጉና፣ አቡነ ዮሴፍ፣ የመንዝ ጓሳና የአርሲ ተራሮች ላይም አለ። በመካከላቸው ባለው ሰፊ አገር ግን ፈልጋችሁ አታገኙትም። ዝቅ ብሎ ጫካ ውስጥ የሚበቅል ዘመድ አለው፤ በብዙ ቦታ እሱንም ጅብራ ይሉታል። እኔ የማወራው ስለ ውርጩ ነው።

ሳይንሱ ሎቤሊያ ሪንኮፔታለም ይለዋል። የመጀመሪያው ቃል ከፍላንደርሱ የእጽዋት ሊቅ ከማቲያስ ደ ሎቤል (1538–1616) የተወሰደ ነው። ሁለተኛው ግሪክኛ ነው፤ አበባው ምንቃር እንደሚመስል ለመናገር የወጣ። የእኛው ስም ይሻላል።

አነሳሱ ከጎመን የማይለይ ነው። ረዣዥም ቅጠሎቹ ከአንድ እምብርት ተነስተው መሬት ላይ ዙሪያውን ይዘረጋሉ። ዓመታት ባለፉ ቁጥር ከሥር ያሉት ይረግፋሉ፣ እምብርቱ ወደ ላይ ይገፋል፣ የረገፉት ቅጠሎች ጠባሳ የታተመበት ግንድ ይወጣል። አሁን ጎመኑ ዘንባባ መሰለ። ከዚያ አንድ ዓመት ላይ ከእምብርቱ መሃል ወፍራም ዘንግ ይመዘዛል፤ ዘንጉም ከታች እስከ ላይ በአበባ ይሸፈናል። ከግንዱ ጋር ተደምሮ አምስት ስድስት ሜትር የሚደርስ አለ። አብቦ፣ ዘሩን በትኖ፣ ይሞታል። የደረቀው ሬሳ ታዲያ ቶሎ አይወድቅም። ሜዳው ላይ ጠቁሮ፣ ቀጥ ብሎ፣ ቆሞ ይከርማል። አባባላችን የመጣው ከዚህ ከቆመው ሬሳ ሳይሆን አይቀርም ብዬ እገምታለሁ።

አሁን ጥያቄው ይህ ነው። ዘሩ እንደ አቧራ የደቀቀ፣ ነፋስ የሚያነሳው ተክል ሆኖ ሳለ፣ ለምን በየተራራው ጫፍ ታስሮ ቀረ?

ካርታ አምጡና ከ3,200 ሜትር በታች ያለውን ሁሉ ሰማያዊ ቀቡት። የሚቀረው ደሴቶች ናቸው። ሰሜን አንድ ደሴት፣ ጉና አንድ፣ ጮቄ አንድ፣ ከስምጥ ሸለቆው ማዶ አርሲና ባሌ። ለጅብራ ከታች ያለው ሙቀትና ጥላ እንደ ባሕር ነው። ዘሩ ደጋ ላይ ቢወድቅ እንኳ አስታውና ሌላው ዛፍ ቀድሞ ያድግና ፀሐይ ይከለክለዋል። መሬት ላይ ተዘርግቶ ለዓመታት የሚቆይ ተክል በጥላ ውስጥ ዕድል የለውም። ስለዚህ ከደሴት ደሴት መሻገር የሚሆንለት በስንት ዘመን አንዴ ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። የዛሬ 20,000 ዓመት ገደማ፣ ምድር በቀዘቀዘችበት ጊዜ፣ የዛፉ ወሰን ዛሬ ካለበት በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ብሎ ነበር። ውርጩም አብሮት ወረደ። የጅብራ አገር ያን ጊዜ ሰፊ ነበር፤ አንዳንዱ ደሴትም ከጎረቤቱ ጋር ይገናኝ ነበር። አየሩ ሲሞቅ ባሕሩ ከፍ አለ፣ ደሴቶቹም ተለያዩ። የዛሬው ጅብራ ከዚያ ሰፊ አገር የተረፈ ነው ማለት ይቻላል። አንድ ነገር ግን አንርሳ። ከአፍሪካ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው መሬት 80 በመቶ የሚሆነው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ጅብራ ሌላ የሚሄድበት አገር ቢያጣ አይገርምም።

እዚያ ላይ መኖር ራሱ ቀላል ነገር አይደለም። ስዊድናዊው የእጽዋት ተመራማሪ ኦሎቭ ሄድበርግ የእነዚህን ተራሮች አየር «በየቀኑ በጋ፣ በየሌሊቱ ክረምት» ብለው ገልጸውታል። በአማርኛ ሲሆን አባባሉ ትንሽ ይወላገዳል። ለእኛ ክረምት ዝናብና ጭቃ ነው፤ እሳቸው ያሰቡት ግን የአገራቸውን የበረዶ ወራት ነው። ሐሳቡ ግን ግልጽ ነው። ቀን ፀሐይ ቆዳ ትልጣለች። ሌሊት ውርጭ ይወርድና ኩሬው ላይ በረዶ ይጋገራል። ይህ የሚሆነው አየሩ ስስ ስለሆነ ነው። ቀን ፀሐይን አያጣራም፣ ሌሊት ደግሞ የመሬቱን ሙቀት ይዞ አያቆይም፤ ወደ ሰማይ ይለቀዋል። ምድር ወገብ አካባቢ ስለሆንን ደግሞ ከወር ወር ያለው ልዩነት ትንሽ ነው። ትልቁ ልዩነት በአንድ ቀን ውስጥ ያለው ነው።

የአውሮፓ ዛፍ ብርዱ ሊመጣ ሲል ያውቃል። ቅጠሉን አራግፎ ለወራት ይተኛል። ጅብራ ይህን ማድረግ አይችልም። ብርዱ ዛሬ ማታ መጥቶ ነገ ጠዋት ይሄዳል፤ ነገ ማታም ይመለሳል።

ከሁሉ የሚከፋው ጠዋት ነው። ፀሐይ ወጥታ ቅጠሉን መታችው እንበል። ቅጠሉ ሞቀ፣ ውሃ ማትነን ጀመረ። ሥሩ ግን ገና በረዶ ውስጥ ነው፣ ውሃ መሳብ አይችልም። ውሃ ላይ ቆሞ መጠማት ማለት ይኸው ነው። ሌላም አለ። ብርሃኑ በኃይል ሲመጣ ቀዝቃዛው ቅጠል ሊጠቀምበት አይችልም፤ ወፍጮው ሳይነሳ እህሉ እየጎረፈበት እንደማለት ነው። የተረፈው ብርሃን ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ የቅጠሉን ውስጥ ይጎዳል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ማስረሻ ፈጠነና ባልደረቦቻቸው ይህንኑ ችግር ጅብራ ላይ አጥንተዋል። መፍትሔው በከፊል አቋቋሙ ነው። ቅጠሎቹ ወደ ላይ ሲቀኑ የሚመታቸው ብርሃን ይቀንሳል። ሌሊት ወደ መሃል ሲሰበሰቡ ደግሞ እምብርቱን እንደ ጋቢ ይሸፍኑታል። እምብርቱ ከሞተ ሁሉም ነገር አለቀ፤ ሌላ ቅርንጫፍ የለውም።

ኬንያ ተራራ ላይ ያለው ዘመዱ፣ ሎቤሊያ ቴሌኪ፣ ከዚህም የባሰ ብልሃት አለው። በአበባው ዘንግ ውስጥ ፈሳሽ አለ። ፈሳሹ ብርዱ ገና ሳይጠነክር፣ ዜሮን ትንሽ እንዳለፈ መርጋት ይጀምራል። በረዶ እንዳይሆን መታገል አልነበረበትም ወይ? የለም፣ ቶሎ መጀመሩ ነው ቁም ነገሩ። ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ ሙቀት ይለቃል። ትንሽ በትንሽ ሌሊቱን ሙሉ ሲረጋ ሌሊቱን ሙሉ ትንሽ ትንሽ ሙቀት ይሰጣል፤ የውስጡም ሙቀት ከዜሮ ብዙ ሳይወርድ ይነጋል። በበረዶ መሞቅ ማለት ነው። እኔ ይህን መጀመሪያ ሳነብ ሁለቴ ደግሜ አንብቤዋለሁ።

አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ መሞቱስ? ለዓመታት ቆጥቦ ሁሉንም በአንድ ሠርግ መጨረስ ሞኝነት አይመስልም? እዚህም ላይ የኬንያ ተራራ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። እዚያ ሁለት ሎቤሊያዎች ጎን ለጎን ይኖራሉ። አንዱ፣ ቴሌኪ፣ ደረቅ ቁልቁለት ላይ ይበቅላል፤ አንዴ አብቦ ይሞታል። ሌላው፣ ኬኒየንሲስ፣ እርጥብ ረግረግ ላይ ይበቅላል፤ ብዙ እምብርት አለው፣ ደጋግሞ ያብባል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ትሩማን ያንግ ለዓመታት ተከታትለዋቸው የደረሱበት ነገር ቀላል ሒሳብ ነው። ቦታው ከባድ ከሆነና ዘንድሮ ካበብክ በኋላ እስከሚቀጥለው አበባ በሕይወት የመቆየት ዕድልህ ትንሽ ከሆነ፣ ለነገ ብሎ ማስቀመጥ ኪሳራ ነው። ያለህን ሁሉ አውጣ። ቦታው ለም ከሆነ ደግሞ ቆጠብ ማለት ያዋጣል። የእኛው ጅብራ የመጀመሪያውን መንገድ ነው የያዘው። ረጅሙ ዘንግም ያለ ነገር አልረዘመም፤ የአበባ ማር የሚመጥጡት ትናንሽ ወፎች በሜዳው መሃል ከሩቅ ያዩታል።

ታዲያ ጅብራ ብርቅ ነው? ሳነቲ ላይ የቆመ ሰው ይህን ቢሰማ ይስቃል፤ ዓይኑ እስከሚያይ ጅብራ ነውና። እዚህ ላይ «ብርቅ» የሚለው ቃል ራሱ መፈታት አለበት። ዲቦራ ራቢኖዊትዝ የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1981 እ.ኤ.አ. ብርቅነትን በሦስት ጥያቄ ከፋፍለውት ነበር። አገሩ ሰፊ ነው ወይስ ጠባብ? ቦታ ይመርጣል ወይስ የትም ይበቅላል? ባለበት ቦታ ብዙ ነው ወይስ ጥቂት? ጅብራ በሦስተኛው ጥያቄ ያልፋል፣ ባለበት ብዙ ነው። በሁለቱ ይወድቃል። አገሩ ጠባብ ነው፣ ቦታም ይመርጣል። ይህ ዓይነቱ ብርቅ ሰውን ያዘናጋል። ሺህ ሆኖ ስታየው የሚጠፋ አይመስልህም። ችግሩ ሺዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ጣራ ሥር መኖራቸው ነው። ጣራው ከተነሳ ሁሉም ባንድ ላይ ነው የሚመቱት።

ጣራው ምኑ ነው? ብርዱ ነው። ተራራ ስትወጣ በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 0.6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ገልብጣችሁ አስቡት። ዓለም በ2 ዲግሪ ብትሞቅ፣ ድሮ የነበረውን ብርድ ለማግኘት ከ300 ሜትር በላይ መውጣት ያስፈልጋል። ጅብራ በእግሩ አይወጣም። ዘሩ ነው የሚወጣው፣ በየትውልዱ ትንሽ ትንሽ እያለ።

ቢወጣስ ምን ያገኛል? የመሶብ ክዳን አምጡ። ጫፉ ሹል፣ ሥሩ ሰፊ። ከሥሩ አንድ ሦስተኛውን ብትቆርጡ ቁመቱ በሲሶ ብቻ ቀነሰ፤ የቀረው የጎኑ ስፋት ግን ከግማሽ በታች ነው። ሁለት ሦስተኛውን ብትቆርጡ የሚተርፈው ስፋት ከዘጠኝ አንዱ ብቻ ነው። ተራራ እንዲሁ ነው። 4,100 ሜትር የሚደርስ ተራራ ላይ ጅብራ ከ3,200 ጀምሮ ይኖራል ብንል፣ ወሰኑ 300 ሜትር ከፍ ሲል ከአገሩ ከግማሽ በላይ ይሄዳል። ሌላ 300 ሲጨመር ጫፏ ብቻ ትቀራለች። ከዚያ በላይ ሰማይ ነው።

ሳነቲ ከዚህ ይለያል። ሳነቲ የመሶብ ክዳን አይደለም፣ ገበታ ነው፤ አብዛኛው 4,000 ሜትር አካባቢ የተዘረጋ ሜዳ ነው። ይህ በረከትም ወጥመድም ነው። ወሰኑ ሜዳው ላይ እስኪደርስ ድረስ ብዙም የሚጎድል ነገር አይታይም። ሲደርስ ግን ሰፊው ሜዳ በአንዴ ይሄዳል። ከዚያ የሚቀረው ወደ 4,377 ሜትሩ ቱሉ ዲምቱ መጠጋት ነው። ሰሜን ላይ ራስ ደጀን 4,543 ሜትር ስለሆነ ትንሽ ትርፍ አለ። ጉናና ጮቄ ያን ያህል እንኳ የላቸውም።

ይህን ሒሳብ በትክክል የሠሩ አሉ። ደሳለኝ ጫላና ባልደረቦቻቸው በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ የጅብራን አገር በተለያዩ የአየር ንብረት ትንበያዎች ፈትነውታል። ውጤቱ ያስደነግጣል። እስከ 2080 እ.ኤ.አ. ድረስ ዛሬ ከሚመቸው መሬት በአማካይ 3.4 በመቶው ብቻ ተስማሚ ሆኖ ይቀራል። እሱም በአራት የተራራ ጫፎች ላይ ተበታትኖ። ከዘረመል ብዝኃነቱ ደግሞ 82 በመቶው ይጠፋል።

የመጨረሻዋን ቁጥር ላብራራ፤ ብዙ ሰው ዘሎ የሚያልፋት እሷን ነው። ገብስ አንድ ሰብል ነው፣ ግን በየአገሩ የተለያየ ገብስ አለ፤ ቶሎ የሚደርስ፣ ውርጭ የሚችል፣ በሽታ የማይደፍረው። አንዱ ባይሆን ሌላው ይሆናል። ጅብራም እንደዚያው ነው። የተለያዩ ተራሮች ጅብራዎች ለሺህ ዓመታት ተለያይተው ስለኖሩ አንዱ ያለው ባሕርይ ሌላው ላይ ላይኖር ይችላል። አንድ ተራራ ጅብራውን ሲያጣ የሚቀነሰው ቁጥር ብቻ አይደለም፤ ሌላ ቦታ የሌለ ዘር አብሮ ይሄዳል። «ከሌላ ተራራ አምጥቶ መትከል ነዋ» የሚል አይጠፋም። ይቻል ይሆናል፤ የተተከለው ግን ያ የጠፋው አይሆንም።

እንዲህ ያለው ትንበያ ጥንቆላ አይደለም። «አየሩ እንዲህ ከሆነ፣ ዛሬ ጅብራ የሚመርጠውን የመሰለ ቦታ ይህን ያህል ነው የሚቀረው» ነው የሚለው። አንድ ቋጥኝ ሥር ያለ ቀዝቃዛ ጥላ፣ አንድ ነፋሻ ሸንተረር በካርታው ላይ ላይታይ ይችላል። ተክሉም ከምንገምተው በላይ ቻይ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን በዚህ ብዙ አልጽናናም። ምክንያቱ ደግሞ ያው መገተሩ ነው።

ትልቅ ጅብራ የዛሬን አየር አይነግርህም። የበቀለው ከብዙ ዓመት በፊት ነው። ችግኝ ሆኖ ያለፈበት ብርድ ዛሬ ላይኖር ይችላል፤ እሱ ግን አንዴ ሥር ሰድዷልና ቆሟል። ታችኛው ወሰን ላይ ችግኝ መብቀሉ ቢቆም እንኳ ረጃጅሞቹ ለዓመታት ይታያሉ። ከሞቱ በኋላ እንኳ ሬሳቸው ይቆማል። ጎብኚው ፎቶ ያነሳል፣ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል። ሽማግሌዎች ብቻ የቀሩበት መንደር ውስጥ ሰው የለም አይባልም፤ ልጅ ግን የለም።

ሙቀቱ ብቻውን ቢሆን ጥሩ ነበር። ከታች ገብስ እየወጣ ነው፤ መሬት የጠበበው ገበሬ ሌላ ወዴት ይሂድ? በግና ከብቱም ይወጣል። ጅብራው ራሱ መራራ ነው፣ እንስሳ ብዙም አይፈልገውም፤ ጎመን የሚያክለው ችግኝ ግን ሊረገጥ ይችላል። ሰሜን ተራሮች በ1978 እ.ኤ.አ. የዓለም ቅርስ ሆነ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ተመዘገበ፣ በ2017 ከዚያ መዝገብ ወጣ። ባሌም በ2023 ተመዝግቧል። ፓርክ ማረሻን ያግዳል። ሙቀትን አያግድም። ግን ሁለቱ ጠላቶች ባንድ ላይ ከሚመጡ አንዱ ቢቀንስ ለተክሉ ጊዜ ይገዛለታል።

በዚህ ነገር የመንዝ ሰው ከሁላችን ቀድሟል። ጓሳ ላይ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ የሚባል ሥርዓት ነበር። የጓሳው ሣር መቼ እንደሚታጨድ፣ ከብት መቼ እንደሚገባ በስምምነት ይወሰን ነበር፤ ሜዳው ለዓመታት የሚዘጋበትም ጊዜ ነበር። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲመጣ ያ ሥርዓት ፈረሰ። ማኅበረሰቡ በኋላ በሌላ መልክ መልሶ አቋቁሞታል። ስለ ጅብራ ብለው አላደረጉትም፤ ስለ ቤት ክዳናቸውና ስለ ከብታቸው ነው። ጅብራው፣ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው ግን አብረው ተጠቀሙ።

ማየት ለሚፈልግ ሰው ቀላሉ መንገድ ሳነቲ ነው። ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው መንገድ ሜዳውን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ከመኪና ሳትወርዱ ጅብራ ታያላችሁ። ሰሜን ለሚሄድ ደግሞ ግጭ ላይ ሞልቷል። ፎቶ የምታነሱት ረጅሙን እንደሚሆን አውቃለሁ፣ እኔም ያው ነኝ። ከዚያ ግን ጎንበስ በሉና መሬቱን እዩ። ጎመን የመሰሉትን ትንንሾች ቁጠሩ። ስልካችሁ ከፍታውን ይነግራችኋል፤ ከቁጥሩ ጋር ጻፉት። ከታችኛው ወሰን ላይ ረጃጅሞቹ ብቻ ካሉ፣ ከላይ ደግሞ ትንንሾቹ ከበዙ፣ ከብት ረግጦት ካልሆነ በቀር ያ የተገተረ ያልነው ጅብራ መንገድ ጀምሯል።